ከሰላምታ በኋላ የሚነገር

ሮቤ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ገቢ፦ ከሀሮ ጉራ አሥራ አራት ጀሪካን ማር። አሥራ ሁለቱ ንጹሕ፣ ሁለቱ ሰፈፍ የበዛባቸው። የአንዱ ክዳን ተሰንጥቆ መንገድ ላይ ፈስሷል።

ማሩን ያመጣው የእህቴ የሰቢሪና ባል አብዲ ነው። ሀሮ ጉራ ከሪራ መንደር ወዲያ ጫካው ውስጥ ያለች ቀበሌ ናት። ሰቢሪና ሰባት ወር ከግማሽ ሆኗታል። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው አምና ነው። በቃሬዛ እስከ ሪራ ተሸክመዋት፣ እዚያ ግማሽ ቀን መኪና ጠብቀው፣ ሳነቴ ተራራ ላይ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ። አብዲን «አምጣትና እኔ ጋ ትሰንብት» አልኩት። «እናቴን ማን ያገላብጣታል?» አለኝ። እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የምታነሳቸው ሰቢሪና ናት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ዛሬ ለምኞት ጻፍኩ። ምኞት ጎባ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን ጓደኛዬ ናት፤ አሁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆናለች። የምንጻጻፈው በወረቀት ነው፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም ይባላል። ደብዳቤውን የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር ያደርስልኛል። የላክሁትን እዚህ ገልብጫለሁ። ስለ ሰቢሪና አልጻፍኩላትም።

*

ውድ ምኞት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጋሽ ጌታነህን ባለፈው ሳምንት ጎባ አግኝቻቸዋለሁ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። «ልጄን ቴሌቪዥን ላይ አየኋት፣ ከስታለች፤ እዚያ ምሳ አይሰጧቸውም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ራስሽ መልሺላቸው።

ለጠየቅሽኝ የመጀመሪያው መልስ፦ የለም። አምቡላንሱ ሀሮ ጉራ የለም። ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ከመጡት እንግዶች ጋር መጣ፤ ጤና ኬላው በር ላይ ቆመ፤ ፎቶ ተነሳ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንግዶቹ ጋር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት በኋላ ሄዷል። ለምን እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይከብዳል። «ታዲያ ሰዉ ለምን ደህና ነን አለ?» ብለሻል። አንቺ የጎባ ልጅ ነሽ፤ አጠገብሽ ለሚቀመጡት ግን አስረጂልኝ። ሀሮ ጉራ እንግዳ ሲመጣ «አከም? ነገያ?»፣ እንዴት ነው? ሰላም ነው? ይባባላሉ። ልጁም ሰላም ነው፣ ከብቱም ሰላም ነው፣ ዝናቡም ሰላም ነው። ቤት ውስጥ ሬሳ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ሰላም ነው። እንግዳው ወተት ይጠጣል፣ ይበላል፣ ያድራል። በማግስቱ ሽማግሌው አጠገቡ ይቀመጥና የቤቱን ችግር አንድ በአንድ ያወራዋል። ቆሞ ላለ እንግዳ፣ ያውም ምግብ ሳይቀምስ፣ ችግር መዘርገፍ ነውር ነው። እንግዶቹ ያን ቀን የጠየቁት በሰላምታ ሰዓት ነው። የጻፉት ሰላምታውን ነው። ሳያድሩ ሄዱ።

ምክር ቤት የምትጠይቂበትን ቀን አሳውቂኝ፤ ሚኒስትሩ «ጉዳዩ የክልል ነው» ብለው እንዳይመልሱሽ እፈራለሁ፤ ስሜን ግን አትጥሪው።

ዙሀይራ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዙሀይራ፣

መልስ ያዘገየሁት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ ነው፤ ይቅርታሽን። አባባን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ። ምሳ እንደሚሰጡን ነግሬያቸዋለሁ፤ አላመኑኝም።

ቀኑ ኅዳር 17 ነው። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሚኒስትር ምክር ቤት ቀርበው ለጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። ለእኔ ሦስት ደቂቃ ደርሶኛል። «ጉዳዩ የክልል ነው» ብለው እንዳይመልሱኝ ብለሽ የፈራሽውን እኔም ፈርቼዋለሁ። ግን ሐምሌ ላይ ሀሮ ጉራ የመጡት ራሳቸው ስለሆኑ እንደዚያ አይሉም ብዬ አምናለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ያሳሳታቸው እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት ነው እንጂ።

ወረቀቱን አየሁት። «ነዋሪዎች ሁሉም ነገር ሰላም መሆኑንና አገልግሎቱን እያገኙ መሆኑን አረጋግጠዋል» ይላል። ሥሩ ሃያ ሦስት ፊርማ አለ። መጀመሪያ ላይ ያለው የኦቦ ዲማ አሻራ ነው። እሳቸው የአገር ሽማግሌ ስለሆኑ ሁሉም ከእሳቸው በኋላ ነው የፈረመው። በባዶ እጄ ተነሥቼ «ወረቀቱ ልክ አይደለም» ብል የእኔ ቃል በሃያ ሦስት ሰው ቃል ላይ ይሆናል። ከእሳቸው የተጻፈ ነገር ያስፈልገኛል። የተቆጣ ባይሆን ይሻላል።

ሰባተኛው መስመር ላይ የማውቀው የእጅ ጽሕፈት አየሁ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምንም አልጠየቅሁሽም። ብትነግሪኝ ግን እሰማለሁ።

ምኞት

*

ሮቤ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ገቢ፦ ሃያ አንድ ጀሪካን። ሁሉም ንጹሕ። የኅዳር ማር ጀምሯል።

ትናንት ከሀሮ ጉራ ተመለስኩ። ሰቢሪና እግሯ አብጧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ረድኤት ከታኅሣሥ 10 በኋላ ትወልዳለች አለችኝ። «ከዚያም ሊቀድም ይችላል» ስትል ወደ ሰቢሪና አላየችም፤ ወደ እኔ አየች።

*

ውድ ምኞት፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

ሰባተኛው መስመር የኔ ነው። ያን ቀን ለእንግዶቹ ማር ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሲዞር ምን እንደሚል ጠየቅሁ። «በሰላም ተቀብለናቸዋል ነው የሚለው» አሉኝ። ፈረምኩ። አንድ ጀሪካን ከመግዛቴ በፊት እስከ ታች እንጨት ሰድጄ የምፈትሽ ሰው፣ ወረቀቱን ከላይ ብቻ አይቼ ፈረምኩ። የንግድ ፈቃድ የሚያድሱት ሰዎችም እዚያ ነበሩ፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ስሜን መጥራት ካስፈለገሽ ጥሪው። ባለፈው አትጥሪው ያልኩሽን ትቼዋለሁ።

ኦቦ ዲማን አነጋገርኳቸው። መጀመሪያ አልሆነም።

«እንግዳ ሸኝቼ ከኋላው ልጩህ? ውሻ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

«ኦቦ፣ እንግዳው አድሯል?»

«የት ያድራል! ወተቱን እንኳ ቆሞ ነው የጠጣው።»

«ካላደረ የቤቱን ነገር መቼ ነገሩት?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው ጨዋታው አላለቀም። ከሰላምታው በኋላ ያለው እርስዎ ጋ ቀርቷል። እሱን ይላኩለት ነው የምልዎ፤ ይክሰሱት አላልኩም።»

ከዚያ ሳቁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማር ስትገዢም እንዲሁ ነሽ። መጀመሪያ ታመሰግኚያለሽ፣ ቀጥለሽ ታራክሺያለሽ።»

«ማርዎ ጥሩ ስለሆነ ነው ኦቦ።»

«አየሽ! ጀመረች!»

እሳቸው በኦሮምኛ ተናገሩ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ፣ ረድኤት ሁለቱንም አመሳክራ መልሳ አነበበችላቸው። አሻራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። አንድ ነገር ግን አስምለውኛል፤ ሰላምታውን ሳትቆርጪ እንድታነቢው። «ከቆረጠችው ክስ ይመስላል፤ እኔ ሰው አልከሰስኩም» ብለዋል። ሰላምታቸው ረጅም ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ለማሳጠር ሞክሬያለሁ፤ አልቻልኩም።

ደግሞ ይኸውልሽ። ሰቢሪናን ታስታውሻለሽ፤ ትምህርት ቤት ድረስ እየተከተለችን የምታለቅሰዋን። እርጉዝ ናት። ሀሮ ጉራ ናት። አምና የሆነባትን ሰምተሻል። ቀኗ ከታኅሣሥ 10 በኋላ ነው። ይህን ለምክር ቤቱ አትንገሪው፤ ሌሎችም ሴቶች አሉ። አንቺ እንድታውቂው ብቻ ነው።

ዙሀይራ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዙሀይራ፣

ትናንት በቴሌቪዥን ካላየሽው ወሬው ከመድረሱ በፊት እኔ ልንገርሽ። ሰላምታውን አልቆረጥኩም።

ደቂቃዎቼ እንዴት እንዳለቁ አላውቅም። «ልጆችዎ እንዴት ናቸው? እናትዎ በሕይወት አሉ? አገርዎ ዘንቧል?» እያልኩ ሳነብ አጠገቤ ያለው የምክር ቤት አባል መሬት መሬት አየ። «ላሞችዎስ ወተት ይሰጣሉ?» ስል አዳራሹ ሳቀ። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ ወይዘሮ ምኞት፣ እባክዎ ወደ ጥያቄው ይግቡ» አሉኝ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እየሄድኩ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አልኩ። እንደገና ተሳቀ። ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር። ሰላምታው ሲያልቅ የቀረኝ ጥቂት ሰከንድ ነው። «እንግዳችን ሳያድሩ ስለሄዱ ያልነገርናቸው ይህ ነው፤ በሁለት ዓመት አምስት ሴቶችን በቃሬዛ ተሸክመን ወጥተናል፤ ሁለቱ አልተመለሱም» የሚለውን አነበብኩ። ማይክራፎኑ ተዘጋ። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ በዝናብ ጊዜ ስለሚሆኑት፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሌላው ሁሉ ያለው ገጽ ሳይነበብ ቀረ። ኦቦ ዲማን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሚኒስትሩ መልስ ሲሰጡ በመጀመሪያ አገር አቀፉን አኃዝ አነበቡ። ይህን ያህል መኪና፣ ይህን ያህል ጤና ኬላ። የኔ ጥያቄ ተረሳ ብዬ ብዕሬን ከደንኩ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጡና «ለሀሮ ጉራ ሽማግሌ፦ እናቴ በሕይወት አሉ፤ አገሬም ዘንቧል» አሉ። በዚህ ግን ማንም አልሳቀም። «ወተቱን ቆሜ ጠጥቻለሁ፤ እውነት ነው። ሰላም ነው ያሉኝንም እንደ ሪፖርት ይዤ ሄጃለሁ። ቀሪውን ገጽ ስጡኝ» አሉ። በሻይ ዕረፍት ራሳቸው መጥተው ተቀበሉኝ።

አሁን አንቺ «ለምን እንደሚሄድ የሚያውቅ አላገኘሁም» ላልሽው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስደውለው አጣርተዋል። መኪናው ተመድቧል። ነዳጁም ተመድቧል። ሹፌሩም ደመወዝ አለው። የማደሪያ ቤት ግን ማንም አላሰበለትም። ሀሮ ጉራ የሚከራይ ክፍል የለም። ሹፌሩ ሲመሽ ሳነቴን አቋርጦ ጎባ ያድራል፤ ጠዋት ይመለሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የበላዮቹ ነዳጁን አይተው ምልልሱን አስቆሙት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው። ለማደሪያው ቤት በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይያዝለታል ተብሏል። ከሐምሌ በኋላ ማለት ነው።

ጠየቅሁ፣ መለሱ፣ አመሰገንኩ። ቤቴ ገብቼ የታኅሣሥን ቀኖች ቆጠርኩ።

ምኞት

*

ሮቤ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ገቢ፦ አሥራ ዘጠኝ ጀሪካን። ሀሮ ጉራ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ሠላሳ ስምንት።

መጋዘኑ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉ ሳንቃ፣ አንድ መስኮት፣ ጓጉንቸር ያለው በር። ሀሮ ጉራ ውስጥ የሚቆለፍ ባዶ ክፍል ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ግን ባዶ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ማሩ እዚያ ይከማቻል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሱዙ መጥቶ ይጭነዋል። መጋዘን ከሌለኝ ገበሬው ማሩን በበቅሎ ሪራ ያወጣል፤ ሪራ ላይ ሌላ ገዢ ይቀበለዋል። ደንበኞቼን ለማሰባሰብ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የምኞትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩ። መጋዘኑን አታውቀውም። ስለዚህ አልጠየቀችኝም። ባትጠይቀኝ እመርጥ እንደነበር እዚህ መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎባ ወጣሁ፤ ወደ ሀሮ ጉራ የሚሄድ መኪና አገኘሁ።

*

ሮቤ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ምኞት፣

እንዴት ነሽ? ፊትሽ ሲግል በቴሌቪዥን አልታየም፤ ጋሽ ጌታነህ «ኮራሁ» ብለዋል። ኦቦ ዲማ ስለ ቀረው ገጽ አልተቀየሙም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ላሞቹስ? ስለ ላሞቹ አልመለሰም?» አሉኝ። ላም የላቸውም ይሆናል ብያቸዋለሁ። አዘኑላቸው።

ክፍል አለ። የማር መጋዘኔ ነው። ትናንት አወጣሁት። ሠላሳ ስምንቱን ጀሪካን በየቤቱ አደልኩ፤ አሥሩ ኦቦ ዲማ ቤት ገባ። «ማሬን ሸጬልሽ ደግሞ ቁጭ ብዬ ልጠብቅልሽ?» ብለው ጮሁብኝ። ከጮሁ በኋላ የራሳቸውን አልጋ ፈትተው ለሹፌሩ አስገቡለት።

ወረቀት እንደሚፈልጉ ስለማውቅ ጽፌዋለሁ፤ ከዚህ ጋር አለ። ኪራይ የለውም። ቀን ግን አለው፤ እስከ ሰኔ 30 ብቻ ይላል። እባክሽ ይህቺን ቀን ማንም እንዳይፍቃት። ቀን ሳይቆረጥለት የተሰጠ ክፍል ካለ «ማደሪያ ተገኝቷል» ይባልና በጀቱ ይሰረዛል። አንቺም ሰኔ ላይ ተነሥተሽ መጠየቂያ ይኖርሻል።

በዚህ ወር ገበያዬ ይቀንሳል። አታዝኚልኝ፤ አስቤበት ነው።

ዙሀይራ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዙሀይራ፣

ወረቀትሽን ራሴ ወስጄ ሰጠሁ። ሚኒስትሩ ቀኑን አይተው «ይህቺ ሴት ምክር ቤት ብትገባ ኖሮ እኔ አልተርፍም ነበር» አሉ። ሰኔ 30ን አልፋቋትም። በቀይ አሰመሩባት።

መኪናው ይሂድ የሚል ደብዳቤ ወጥቷል። መቼ እንደሚሄድ ግን አልተጻፈበትም። በየቀኑ እየደወልኩ ነው፤ ጸሐፊዋ ድምፄን ስትሰማ «ሀሮ ጉራ?» ማለት ጀምራለች።

ስለ ሰቢሪና አልጠይቅሽም። ስትችዪ ጻፊልኝ። ግን ጻፊልኝ።

ምኞት

*

ጎባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ገቢ፦ የለም። ሱቅ አልከፈትኩም። ይህን የምጽፈው ጎባ ሆስፒታል በር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

*

ውድ ምኞት፣

ሰላምታውን በኋላ አደርስሻለሁ። ሁለቱም በሕይወት አሉ።

መኪናው ሀሮ ጉራ የደረሰው ታኅሣሥ 5 ነው። ሹፌሩ ዘመንፈስቅዱስ ይባላል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ አምስት ልጆች አሉት፣ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማዋል። አብዲ እንደነገረኝ ሦስት ሌሊት ምንም ሳይደረግ አደረ። በአራተኛው ቀን፣ ትናንት ማለት ነው፣ ጎህ ሲቀድ ሰቢሪናን ምጥ ያዛት። አብዲ ሮጦ የመጋዘኑን በር መታ። ዘመንፈስቅዱስ ጫማውን መኪናው ውስጥ ነው ያሰረው። ረድኤት ከኋላ አብራት ተቀመጠች። ሳነቴ ላይ ውርጭ ነበር፤ መስታወቱን አብዲ በነጠላ እየጠረገ ነው የሄዱት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጎባ ገቡ።

ልጁ ተገልብጦ ነበር። በቀዶ ሕክምና አወጡት። ወንድ ነው። ሐኪሟ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። ሰቢሪና ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «አማቴን ማን አነሳቸው?» ነው።

ይህን ልንገርሽ። የአብዲን እናት የኦቦ ዲማ ሚስትና ሁለት ጎረቤቶች ተራ ገብተው እያነሱ ነው። አብዲ ሲነግረኝ «ለምን ቀድማችሁ አላደረጋችሁትም?» ብዬ ጮህኩበት። እሱም ይህንኑ ሴቶቹን በስልክ ጠይቋቸው ነበር፤ የመለሱለት «ማን ጠየቀን?» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። ሰቢሪና ለጎረቤት ሰላም ነኝ ትላለች፣ አብዲ ለኔ እናቴን የሚያነሳ ሌላ የለም ይላል፣ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄ ተውኩት። ጥቅምት ላይ እኔ ጋ ልትቀመጥ ትችል ነበር። በሚኒስትሩ ላይ የታዘብኩትን እኔም በገዛ እህቴ ቤት ሠርቼዋለሁ። ስትጽፊላቸው ይህንንም ብትነግሪያቸው ቅር አይለኝም።

ስለ ንግዱም ልንገርሽ። ሦስት ገበሬዎች ሪራ ላይ ለሌላ ሸጠዋል። ሌሎቹ ማራቸውን ቤታቸው አስቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ከዚህ በላይ ይጎድላል ብዬ ነበር።

አሁን ሰላምታውን። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽስ? ጋሽ ጌታነህ ከኔ ቀድመው እዚህ መጥተው ነበር፤ ብርቱካን ይዘው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተው።

ዙሀይራ

*

ዘመንፈስቅዱስ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ሀሮ ጉራ ይመለሳል። መኪናው ባዶውን ስለሚሄድ አብሬው እሄዳለሁ፤ ለሰቢሪና ረድኤት ትቀመጥላታለች።

ነገ፦ ለሹፌሩ ፍራሽ አንድ፣ ብርድ ልብስ ሁለት። የመጋዘኑን ቁልፍ ሁለተኛ ማስቀረጽ፤ አንዱ ኦቦ ዲማ ቤት ይቀመጥ። ከድልድዩ ማዶ ሀዋኒ የምትባል አለች፤ ስምንት ወሯ ነው ይላሉ። ቤቷ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቀኗን ከራሷ መጠየቅ።